የበሽታን ስም ማን ያወጣዋል?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለውን አባባል የምንጠቅሰው ሰውና ስሙ ሲገጥሙልን ነው። ታጋሽ የተባለው ልጅ አድጎ ታጋሽ ሲሆን፣ ደስታ የተባለችው ሳቂታ ስትሆን አባባሉ ትዝ ይለናል። ታጋሽ ቁጡ ሆኖ ሲገኝ ግን መልአኩን የሚከስ የለም፤ ዝም ብለን እናልፈዋለን። በስም ላይ ያለን እምነት የሚጸናው በዚህ ዓይነት ነው፤ የገጠመውን እየቆጠርን፣ ያልገጠመውን እየረሳን።

በሰው ስም ላይ ይህ ብዙ ጉዳት የለውም። ታጋሽ ቢቆጣ ጎረቤት ይስቃል እንጂ የሚሞት የለም። የበሽታ ስም ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ሐኪሙ በወረቀት ላይ የሚያሰፍረውን አንድ ስም መድኃኒቱ ይከተለዋል፤ ወጪው ይከተለዋል፤ የቤተሰብ እንቅልፍ ማጣት ይከተለዋል፤ አንዳንዴም ሕይወት በእርሱ ይተርፋል ወይም ይጠፋል። ለመሆኑ ሐኪም ለአንድ ሕመም ስም ሲያወጣ በተፈጥሮ ውስጥ የነበረን ነገር እያገኘ ነው? ወይስ ተፈጥሮ ያላሰመረችውን መስመር እያሰመረ? መስመሩን የሚያሰምረው ሰው ከሆነስ፣ በዚያ ስም ለሚጠራው ሕመምተኛ ምን ዕዳ አለበት? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ለጥያቄው ምሳሌ እንዲሆነኝ የመረጥኩት ሊምፎማ የሚባለውን የነቀርሳ ወገን ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ሙያዬ ጽሕፈት ነው። ይሁንና የቃላትን ጠባይ መከታተል የሥራዬ አንዱ ክፍል በመሆኑ ነገሩ ሳበኝ። ስሙ የዚህን ያህል ጊዜ የተለዋወጠ፣ ስም አውጪዎቹም የዚህን ያህል የተከራከሩበት ሌላ በሽታ አላጋጠመኝም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልኝ።)

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልናገር። ከነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ሊምፎሳይት የሚባሉት ሰውነትን ከተውሳክ የሚጠብቁ ዘበኞች ናቸው። በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ባሉት እጢዎች፣ በጣፊያና በመቅኒ ውስጥ ይገኛሉ። እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ የሚወጣው፣ እናቶቻችን ንፍፊት የሚሉት እብጠት፣ እነዚህ ዘበኞች ለውጊያ ሲሰለፉ የሚፈጠር ነው። ከዘበኞቹ አንዱ ልጓሙን በጥሶ ያለ ልክ መራባት ሲጀምር ሊምፎማ ይባላል። ዘበኞቹ ግን ብዙ ዓይነት ናቸው፤ እያንዳንዱም ከልጅነት እስከ ጉልምስና ብዙ ደረጃ ያልፋል፤ በየደረጃውም ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ በዛሬዎቹ መጻሕፍት ሊምፎማ በብዙ አሥሮች የሚቆጠሩ በሽታዎች የወል ስም ነው። አንደኛው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ የሚሆን ነው። ሌላው ደግሞ ሐኪሙ ያለ መድኃኒት እየተከታተለው ዓመታት ሊያልፉ የሚችሉበት ነው።

የስሙ ታሪክ የሚጀምረው ለንደን ውስጥ ነው። ቶማስ ሆጅኪን በጋይስ ሆስፒታል አስከሬን የሚመረምርና የሆስፒታሉን ቤተ መዘክር የሚጠብቅ ሐኪም ነበር። በ1832 እጢዎቻቸውና ጣፊያቸው አብጦ ስለ ሞቱ ሰባት ሰዎች አንድ ጽሑፍ አቀረበ። የጻፈው በዓይኑ ያየውን እንጂ ማይክሮስኮፕ ያሳየውን አልነበረም። ጽሑፉንም ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ከዓመታት በኋላ እዚያው ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሳሙኤል ዊልክስ ተመሳሳይ ሕመምተኞችን ሰብስቦ ሲጽፍ፣ ሆጅኪን ቀድሞት እንደነበር ተረዳ። የራሱን ስም ሊያኖርበት በሚችለው ቦታ ላይ በ1865 የሌላውን አኖረበት፤ «የሆጅኪን በሽታ» አለው። ሆጅኪን በተከታዩ ዓመት በ1866 ለጉዞ በሄደበት በኢዮጴ፣ ዛሬ ያፋ በምትባለው ከተማ ታሞ ሞተ፤ መቃብሩም እዚያው ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ሆጅኪን ከመረመራቸው አስከሬኖች የተወሰደው የእጢ ሥጋ በጋይስ ቤተ መዘክር ተጠብቆ ቆይቶ ነበር። መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1926፣ ፎክስ የተባለ ሐኪም ከእነዚያ ናሙናዎች አንዳንዶቹን በማይክሮስኮፕ አይቶ ውጤቱን ጻፈ። በእርግጥም የሆጅኪን በሽታ የሆኑ ተገኙባቸው። ሁሉም ግን አልነበሩም። በሽታው በስሙ የተጠራለት ሰው፣ በኋለኛው መለኪያ ሲታይ፣ የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ጆንያ ከትቶ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ መሳሳቱ ሳይሆን ናሙናው መቆየቱ ነው። የስሙ መነሻ የሆነው ሰው ስሙን ሊያፈርስ የሚችለውን ማስረጃ አብሮ አኑሮ ሄዷል። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ቅርብ ነው። «ነቀርሳ» የሚለው ቃላችን ሁለት ቤት ያድራል። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢ ማለታችን ነው፤ «ነቀርሳ» ብለን ስንተወው ካንሰር ማለታችን ነው። ሥጋን ውስጥ ለውስጥ እየበላ የሚጨርስን ነገር ሁሉ አባቶቻችን በአንድ ስም ጠሩት። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥር ካለ፣ ቪየና ውስጥ የሆነውን ያስታውስ። በ1898 ካርል ስተርንበርግ በሆጅኪን በሽታ በተያዙ እጢዎች ውስጥ የሚታዩትን ልዩ ትልልቅ ሕዋሳት በጥንቃቄ ከገለጸ በኋላ፣ በሽታው የቲቢ አንድ ልዩ መልክ ነው ብሎ ደመደመ። በ1902 በአሜሪካ፣ በባልቲሞር በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ትሠራ የነበረች ዶሮቲ ሪድ የተባለች ወጣት ሐኪም እነዚያኑ ሕዋሳት ገልጻ፣ በሽታው ከቲቢ የተለየና ራሱን የቻለ መሆኑን አስረዳች። ሕዋሱ ዛሬም በሁለቱ ስም «ሪድ-ስተርንበርግ» ይባላል።

የስተርንበርግ ስሕተት የቂል ስሕተት አልነበረም። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ሁለቱም አንገት ላይ እብጠት፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ያመጣሉ። እንደ አገራችን የእጢ ቲቢ በሚበዛበት ምድር ጥያቄው ታሪክ ሆኖ አልቀረም። አንገቱ ላይ ያበጠበት ወጣት ቲቢ ነው ተብሎ ለወራት መድኃኒት ሲውጥ፣ እብጠቱ ግን ሊምፎማ ሊሆን ይችላል። የሆጅኪን በሽታ ደግሞ ዛሬ ተገቢው ሕክምና ከተገኘለት አብዛኛው ሕመምተኛ የሚድንበት ነቀርሳ ነው። ስም እዚህ ላይ የምሁራን ቅንጦት አይደለም። ወራት ነው፤ ሰው ነው።

ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ልለፍ። ከሆጅኪን ውጭ ያሉትን ሊምፎማዎች በሥርዓት ለመመደብ ከሞከሩት መካከል ብዙ ተከታይ ያገኘው አሜሪካዊው ሄንሪ ራፓፖርት ነው። በ1956፣ ከዚያም በሰፊው በ1966 ባወጣው ምደባ ሁለት ነገር ይጠይቅ ነበር። ሕዋሳቱ በዘለላ በዘለላ ተሰብስበዋል ወይስ ተበትነዋል? ትንንሽ ናቸው ወይስ ትልልቅ? ትልልቆቹን ሂስቲዮሳይት የሚባሉ የሌላ ወገን ሕዋሳት ናቸው ብሎ ስላመነ «የሂስቲዮሳይት ሊምፎማ» አላቸው። ይሁንና በ1960 ፒተር ኖዌል የተባለ ተመራማሪ ከቦሎቄ የሚወጣ አንድ ንጥረ ነገር ነጭ የደም ሕዋሳትን ለመከፋፈል እንደሚያነሣሣ አሳይቶ ነበር። ካደገች በኋላ ሥራዋን የጨረሰች ትመስል የነበረችው ትንሿ ሊምፎሳይት እንደገና ገዝፋ ልትራባ ትችላለች ማለት ነው። እንግዲያው ግዝፈት የሌላ ዘር ምልክት አይሆንም። ውሎ አድሮ የራፓፖርት «ሂስቲዮሳይቶች» በአብዛኛው ሊምፎሳይቶች ሆነው ተገኙ። ስሙ ስሕተት ነበር።

ነገር ግን ይህ የተሳሳተ ስም ጠቃሚ ነበር። በዘለላ የተሰበሰበው ቀስ እንደሚል፣ ተበትኖ የገዘፈው እንደሚፈጥን የራፓፖርት ምደባ ለሐኪሞች ይነግር ነበር። በሐሰት ስም እውነተኛ ምክር ማግኘት ይቻላልን? ጤፍ ነጋዴና የዕፅዋት ተመራማሪ በአንድ ክምር ፊት ቢቆሙ አንድ ዓይነት ምደባ አያወጡም። ነጋዴው ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛ፣ ቀይ ይላል፤ የሚለየው በመልኩና በሚያወጣው ዋጋ ነው። ተመራማሪው ስለ ዘሩ ይጠይቃል። ሁለቱም አልዋሹም፤ የጠየቁት የተለያየ ነው። የሊምፎማ ምደባም ዘመኑን ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ የኖረ ነው። «ምንድን ነው?» እና «ምን ያደርገናል?»

በ1970ዎቹ ጥያቄው ወደ ባቢሎን ግንብ ተለወጠ። በጀርመን ካርል ሌነርት፣ በአሜሪካ ሉክስና ኮሊንስ፣ በእንግሊዝም ሌሎች የየራሳቸውን ምደባ አወጡ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ1976 የራሱን ጨመረ። አንዱን እጢ ይዞ ከኪል ወደ ሎስ አንጀለስ የሄደ ሰው በየከተማው ሌላ ስም ይሰጠው ነበር። በ1982 የአሜሪካ የካንሰር ተቋም 1,175 ሕመምተኞች የተጠኑበትን የማስታረቂያ ሰነድ አወጣ። ሰነዱ ሊምፎማዎችን እንደ ክፋታቸው ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብሎ በሦስት ከፈላቸው። የታሰበው በምደባዎቹ መካከል አስተርጓሚ እንዲሆን ነበር። አስተርጓሚው ግን ብዙም ሳይቆይ ራሱ ቋንቋ ሆኖ አረፈው። የጤፍ ነጋዴው አሸነፈ ማለት ይቻላል፤ ዘራቸው የተለያየ በሽታዎች የዕድሜ ግምታቸው ስለተቀራረበ ብቻ በአንድ መደብ ተቀመጡ።

ታዲያ ሁሉም ነገር የገበያ ስምምነት ከሆነ፣ በተፈጥሮ ውስጥ በእውን የተለየ ነገር የለም ልንል ነው? ለዚህ መልስ የሚሰጠኝ የዑጋንዳው ታሪክ ነው። አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት በ1957 በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል መንጋጋው በግራም በቀኝም ያበጠ አንድ ሕፃን ያያል። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ከተማ መንጋጋዋም ሆዷም ያበጠ ሌላ ሕፃን ያያል። እስከዚያ ድረስ የመንጋጋው እብጠት በመንጋጋ፣ የኩላሊቱ በኩላሊት፣ የእንቁልጢው በእንቁልጢ ስም ይመዘገብ ነበር። በርኪት መዝገቦቹን አገላብጦ እብጠቶቹ በአንድ ሕፃን ላይ አብረው የሚመጡ፣ አንድ በሽታ መሆናቸውን ተረዳ፤ በ1958ም ጻፈው። በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ መኪና 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ተጉዞ በየሆስፒታሉ እየጠየቀ በሽታው ያለበትንና የሌለበትን በካርታ ላይ አሰፈረ። በምድር ወገብ አካባቢ ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነው ከፍታ በሽታው አይገኝም ነበር። ቆላና ደጋ ብሎ አገሩን መክፈል ለለመደ ሐበሻ ይህ ካርታ ማብራሪያ አያሻውም፤ ወባ የት እንደሚወጣና የት እንደሚቀር እናውቃለን። የበርኪት ንግግር እንግሊዝ ውስጥ አንቶኒ ኤፕስታይን የተባለውን ተመራማሪ ቀሰቀሰ፤ በ1964ም ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቫይረስ ከዚሁ እብጠት ውስጥ ተገኘ። ኋላም በስምንተኛውና በዐሥራ አራተኛው ክሮሞዞም መካከል የሚደረግ የቦታ ልውውጥ በበሽታው ውስጥ እንዳለ ታወቀ።

እንግዲህ በርኪት መስመር ሲያሰምር ተፈጥሮም ከመስመሩ በታች ጠበቀችው። ቫይረሱ፣ ወባው፣ ክሮሞዞሙ ሁሉ ኋላ መጥተው ስሙን አጸኑለት። ሆኖም እዚህም ቢሆን ስሙ አልቆመም። ለረጅም ጊዜ በሽታው እንደ አገሩ፣ «የአፍሪካው» እና «ሌላው» ተብሎ ሲከፋፈል ቆይቶ፣ የዓለም የጤና ድርጅት የ2022 ምደባ ቫይረሱ ያለበትና የሌለበት ተብሎ ቢለይ ይሻላል አለ። ሕፃኑ የተወለደበት ቦታ ከሕዋሱ ውስጥ ላለው ነገር ቦታውን ለቀቀ።

በ1994 ከተለያዩ አገሮች የተሰባሰቡ 19 ፓቶሎጂስቶች አዲስ ምደባ አወጡ። ትልቅ ፍልስፍና አላቀረቡም። መልኩን፣ የሕዋሱን ምልክት፣ ዘረመሉንና በሕመምተኛው ላይ የሚያሳየውን ጠባይ አንድ ላይ አይተን፣ ዛሬ በእርግጥ ለይተን የምናውቃቸው በሽታዎች እነዚህ ናቸው ብለው ዘረዘሩ። እውነት በኮሚቴ ይወሰናልን? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። እኔም ጠይቄያለሁ። መልሱን ያገኘሁት ከሦስት ዓመት በኋላ በተደረገው ነገር ነው። በ1997 በወጣ ጥናት፣ ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ 1,403 ሕመምተኞች ናሙናዎች በአምስት ባለሙያዎች ፊት ቀረቡ። ለአብዛኞቹ ዓይነቶች የባለሙያዎቹ ስምምነት ከፍተኛ ሆነ፤ ያልተስማሙባቸውም የትኞቹ እንደሆኑ ተጻፈ። ኮሚቴው ስም አወጣ፤ ስሙን የፈተነው ግን በጠረጴዛው ላይ ያለው ሥጋ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2001 ይህንኑ መንገድ ተከተለ። «የሆጅኪን በሽታ» ይባል የነበረውም ሕዋሱ የሊምፎሳይት ዘር መሆኑ በ1990ዎቹ ስለተረጋገጠ «ሆጅኪን ሊምፎማ» ተባለ።

እስካሁን የተነጋገርነው ስሙ ትክክል ስለመሆኑ ነው። ስሙ ስለሚጭነው ሸክምስ? በጨጓራ ላይ የሚወጣ፣ በቀስታ የሚያድግ አንድ እብጠት ነበር፤ ድሮ «ሐሰተኛ ሊምፎማ» ይሉት ነበር። ከ1983 ወዲህ አይዛክሰንና ራይት እውነተኛ ሊምፎማ መሆኑን አስረዱ። በ1993 ደግሞ የጨጓራ ባክቴሪያን በሚገድል ተራ መድኃኒት ከታከሙ ስድስት ሕመምተኞች በአምስቱ ላይ እብጠቱ ጠፋ። በሌላ በኩል ቆዳ ላይ የሚወጣ አንድ ዓይነት እብጠት በ2008 ምደባ «ሊምፎማ» ተብሎ ቆይቶ፣ እምብዛም የማይጎዳ መሆኑ ስለታየ በ2017 ይህ ቃል ተነሣለት። በሰውየው ቆዳ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። የተለወጠው በወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ነው። ነቀርሳ አለብህ ተብሎ ዘጠኝ ዓመት የተኛና «ለካስ የለብህም» የተባለ ሰው ግን ልዩነቱን ያውቀዋል።

ድንበሩ ቁጥር የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ከአንድ ዘር የወጡ ሊምፎሳይቶች በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ 5,000 ሲደርሱና ሲቆዩ ሥር የሰደደ የደም ነቀርሳ ይባላል፤ እጢ ሳያብጥና ሌላ ምልክት ሳይኖር ከዚያ ካነሱ ስሙ ሌላ ነው፤ ነቀርሳም አይባልም። በ4,900 እና በ5,100 መካከል ተፈጥሮ ግንብ አልሠራችም። ድንበሩን የሠራነው እኛ ነን፤ የሆነ ቦታ መቆም ስላለብን። ይህን መናገር ሐኪሙን አያሳፍረውም፤ ለሕመምተኛው አለመናገር ግን ነውር ይመስለኛል።

በ2022 ደግሞ አስገራሚ ነገር ሆነ። ለሃያ ዓመት አንድ ሆኖ የኖረው ምደባ ለሁለት ተከፈለ። አንዱን የዓለም የጤና ድርጅት፣ ሌላውን ከቀድሞዎቹ እትሞች አዘጋጆች ብዙዎቹ ያሉበት ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን አወጣው። በአብዛኛው ይስማማሉ። ነገር ግን አንዱን የሆጅኪን ዓይነት የዓለም የጤና ድርጅት ከነስሙ ሲያቆየው፣ ሌላው ቡድን «ሆጅኪን» የሚለውን አንሥቶ በሌላ ሊምፎማ ስም ጠራው። አንድ እጢ ያላት አንዲት ሴት እንደ ሐኪሟ መጽሐፍ የሆጅኪን ሕመምተኛ ናት ወይም አይደለችም። ከ1832 ጀምሮ ስንት ተለፍቶበት እዚህ መድረስ ለአንዳንዱ የምደባን ከንቱነት የሚያሳይ ይመስለው ይሆናል።

እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። ሁለቱ መጻሕፍት የተለያዩበት ቦታ የት እንደሆነ በመስመርና በገጽ ይታወቃል። ሁለቱም ምክንያታቸውን ጽፈዋል። የሴትዮዋም እጢ ተቀምጧል። ነገ ማን እንደተሳሳተ መጠየቅ ይቻላል። ወደ ሆጅኪን ናሙና ልመለስ ያልኩት ለዚህ ነው። ስም የሚያወጣ ሰው ሁልጊዜ ትክክል ይሁን ብለን ልንፈርድበት አንችልም። ልንጠይቀው የምንችለው አንድ ነገር ነው፤ ስሙን የሚያፈርሰውን ማስረጃ አብሮ አስቀምጧል ወይ?

ይህ ጥያቄ ከሆስፒታል ግቢ ውጭም ይሠራል። ወላጆቻችን ሰው በተለጠፈበት ስም የሚታሰርበትንና የሚገደልበትን ዘመን አይተዋል። ለጣፊዎቹ ስም ለማውጣት ይፈጥኑ ነበር፤ ስሙ ሐሰት ቢሆን የሚታረምበትን መንገድ ግን አልተዉም። «መደብ» የሚለው ቃል ለሕዋስም ለሰውም ያገለግላል። ልዩነቱ ፓቶሎጂስቱ መደቡን ሲሰጥ እጢውን አይጥለውም።

በሊምፎማ መጻሕፍት ውስጥ እኔን ከሁሉ የበለጠ የሚያጽናናኝ መደብ «በሌላ ያልተለየ» የሚለው ነው። ትልልቅ ሕዋሳት ያሉት፣ በብዛት የሚታየው ሊምፎማ አብዛኛው ክፍል የሚቀመጠው እዚያ ነው። በ2000 በዘረመል ጥናት ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ወገኖች በውስጡ እንዳሉ ታይቷል፤ ቀሪው ግን እስኪለይ ይጠብቃል። «ይህን አይተነዋል፤ ገና አላወቅነውም» ብሎ በኦፊሴል መጻፍ ትንሽ ነገር አይደለም። ስንቱ ሊቅ ነው ለማያውቀው ነገር ክፍት ቦታ የሚተው?

የቀረው የፍትሕ ጥያቄ ነው። ምደባው እየረቀቀ በሄደ ቁጥር ስሙን ለማግኘት የሚያስፈልገው ማቅለሚያና የዘረመል ምርመራ እየተወደደ ይሄዳል። ያለው ሰው ትክክለኛ ስም ይገዛል፤ የሌለው «ሊምፎማ» በሚለው የጆንያ ስም ይቀራል። የዓለም የጤና ድርጅት የ2022 ምደባ ለእያንዳንዱ በሽታ «የግድ የሚያስፈልግ» እና «ቢገኝ የሚመረጥ» ማስረጃ ብሎ መለየቱ ይህን ክፍተት ስለተረዳ ነው። ሁሉም ላቦራቶሪ እኩል እንዳልሆነ አምኖ፣ ባለው መሣሪያ እስከሚቻለው ድረስ ስም መስጠትን ይፈቅዳል። መልካም ነው፤ ግን በቂ አይደለም። ስሙን ማወቅ ሕይወትን የሚያተርፍ ከሆነ፣ ስሙን ማግኘትም ከመድኃኒቱ እኩል የሕመምተኛው መብት መሆን አለበት። ስሙን ያወጣው መልአክ ቢሆን ኖሮ ለሀብታምም ለድሃም እኩል ባወጣው ነበር። ያወጣነው እኛ ስለሆንን፣ ማዳረሱም የእኛ ዕዳ ነው።